መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የዋይፋይ ፕሪንተሬ ለሊኑክስ ኮምፒውተሬ አልታዘዝ ይላል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት የሚሠራ ሲሆን ፕሪንተሩ የተገናኘው በዋይፋይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የላክሁት ሰነድ ወረፋ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ በእጅ ስልኬ ግን ያለ ችግር ያትማል። እስካሁን ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ሰርዤ እንደገና በመጫን ስገላገል ቆይቻለሁ። ትናንት ግን የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም የመጣች ተማሪ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆማ ስትጠብቀኝ እጅግ አዘንሁ። ዘላቂ መፍትሔ የምታውቁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ
ወንድሜ፣ በስልክዎ ማተም መቻሉ ፕሪንተሩም ዋይፋዩም ጤነኛ መሆናቸውን ያሳያል፤ ስለዚህ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ደጋግመው አይጫኑ። እኔ የምጠረጥረው የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ፕሪንተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር ነው። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር መብራት ሲጠፋ ለማን የትኛውን ቁጥር እንደሰጠ ሊረሳና ሲነሣ ለፕሪንተሩ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ስልክዎ ፕሪንተሩን በየጊዜው በስሙ ፈልጎ ስለሚያገኘው ለውጡ አይሰማውም፤ ኮምፒውተርዎ ግን ሲጫን በተመዘገበው የድሮ ቁጥር እየላከ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማረጋገጥ ከፕሪንተሩ ሜኑ የኔትወርክ መረጃ ገጹን ያትሙ። ቀጥሎም በኮምፒውተሩ ብራውዘር ላይ ሎካልሆስት የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፈው፣ ሁለት ነጥብና 631 ያስከትሉ (localhost:631)፤ ካፕስ የተባለው የኅትመት ሥርዓት ገጽ ይከፈታል። እዚያ የፕሪንተሩን ስም ሲጫኑ የሚታየውን አድራሻ ከታተመው ወረቀት ጋር ያስተያዩ። ከተለያዩ ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገብተው፣ ወረቀቱ ላይ ባለው የማክ አድራሻ (የመሣሪያው የራሱ መለያ) መሠረት ለፕሪንተሩ አንድ ቋሚ ቁጥር ያስይዙለትና የካፕሱን አድራሻም በዚያው ቁጥር ያስተካክሉ።

ሌላ መልስ
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አድራሻው ከተስተካከለ በኋላም ወረፋው እንደቆመ ሊቀር እንደሚችል መታወቅ አለበት። ካፕስ አንድ ሰነድ መላክ ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ የሚወስን የስህተት መመሪያ አለው፤ መመሪያው ፕሪንተሩን እንዲያቆም ከታዘዘ፣ ሰው ገብቶ እስኪያስቀጥለው ድረስ ምንም አያትምም። በዚያው ገጽ ፕሪንተሩን ያስቀጥሉና መመሪያውን ሥራውን ደግሞ እንዲሞክር ወደሚያዘው ይለውጡት።

ኮምፒውተሩ ለእንግዳ በተከፈተው ዋይፋይ ላይ አለመሆኑንም ይመልከቱ፤ ብዙ ራውተሮች በዚያ መስመር የገባን መሣሪያ ከሌሎቹ ይለያሉ። ፕሪንተሩ አዲስ ሞዴል ከሆነና ያለ አምራቹ ድራይቨር ማተም የሚያስችሉትን አይፒፒ ኤቭሪዌር ወይም ኤርፕሪንት የተባሉ አሠራሮች የሚደግፍ ከሆነ ደግሞ የአምራቹን ድራይቨር ጨርሶ ትተው ካፕስ በራሱ እንዲያነጋግረው ቢያደርጉ ይሻላል፤ በእኔ ልምድ ጣጣው በጣም ይቀንሳል።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ሳትመው አድራሻው በ7 የሚያበቃ ሲሆን፣ ካፕስ ላይ የተመዘገበው ግን በ4 የሚያበቃ ነበር። ለፕሪንተሩ ራውተሩ ላይ ቋሚ ቁጥር አስይዤ፣ ወረፋውንም አስቀጥዬ፣ ራውተሩንና ፕሪንተሩን ከሶኬት ነቅዬ መልሼ ሰካኋቸው። ሁለቱም ከተነሡ በኋላ የላክሁት ሰነድ ወዲያው ታተመ። የስህተት መመሪያውንም እንደተባልሁት ለውጬዋለሁ።