ራሷን መጉዳት ማቆም ለምትፈልግ ልጅ፦ ጤና ጣቢያ ምን ትበል? ሌሊቱንስ እንዴት ትለፈው?

አቻ_አማካሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአቻ ምክር ለምንሠራ ሰዎች የሚሆን መልስ ፈልጌ ነው። የ19 ዓመት ተማሪ ናት። ስትጨነቅ ራሷን መጉዳት ከጀመረች ወራት ሆኗታል። መሞት አልፈልግም ትላለች፣ ማቆም ግን ትፈልጋለች። ቤተሰብ አያውቅም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ሰው በተሰለፈበት ምን ትበል? ሌሊት ላይ ሲመጣባትስ? እኛ አጠገቧ ያለነው ምን እናድርግ፣ ምን እንተው? «አይዞሽ፣ ጸልዪ» የሚለውን ብለነዋል፤ ከዚያ ያለፈውን ንገሩን።

ሳይካትሪ_ነርስ፦
ካርድ ክፍል ላይ ምክንያት መዘርዘር የለባትም። «ለአእምሮ ጤና ባለሙያ መታየት እፈልጋለሁ» ካለች በቂ ነው፤ እሱም ከከበዳት «ለሐኪሙ ነው የምናገረው» ትበል። ወሳኙ ውስጥ ገብታ የምትናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው። ብዙዎች «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለው ማስታገሻ ይዘው ይወጣሉ። በር ላይ ያን ያህል ሰው እየጠበቀው ያልተነገረውን ቆፍሮ የሚያወጣ ሐኪም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከደብተሯ ግማሽ ገጽ ቀድዳ አስቀድማ ትጻፈው፤ አፏ ከተሳሰረ ወረቀቱን ትስጥ፦

«ስጨነቅ ራሴን እጎዳለሁ። ከጀመርኩ __ ወር ሆኖኛል። የመጨረሻው __ ቀን ነበር። የመሞት ሐሳብ አለኝ / የለኝም። የምወስደው መድኃኒት __። ማቆም እፈልጋለሁ። ብቻችንን ሆነን ብንነጋገር።»

«አለኝ / የለኝም» የሚለው ላይ እውነቱን ታክብብ። ራስን መጉዳትና መሞት መፈለግ አንድ አይደሉም፤ ግን መስመሩ በአንድ ክፉ ሳምንት ሊታለፍ ስለሚችል እናንተም ደጋግማችሁ፣ በቀጥታ ቃል ጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም። መልሱ «አዎ» ከሆነና በተለይ እንዴትና መቼ እንደሆነ ካሰበችበት፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። የዚያኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችኋት ሂዱ፤ እስክትታይ ድረስም ብቻዋን አትተዋት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ወይም ኬሚካል ከወሰደች ደህና ብትመስልም ወዲያው ሆስፒታል ነው። ወተት አጠጥታችሁ፣ አስመልሳችሁ እቤት አታቆዩ።

ጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ከሌለው ሪፈር ታስጽፍ፤ የዩኒቨርሲቲ ክሊኒክም ይጽፋል። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፣ ጳውሎስ ሆስፒታልም የሳይካትሪ ክፍል አለው፤ ክፍለ ሀገር ላሉ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ። በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትታከም ከሆነ ሪፈሩን እንዳትዘል፤ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደች ወጪው ከኪሷ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ራስን መጉዳትን ለይቶ የሚያስቆም ክኒን የለም። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያም ለዚህ ብሎ መድኃኒት እንዳይሰጥ፣ የንግግር ሕክምና እንዲቀርብ ይላል። ድብርት አብሮ ካለ ግን ለድብርቱ ይታዘዛል። ለውጡ ለመታየት ሳምንታት ይወስዳል፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላ እንዳትጥለው። ከ25 ዓመት በታች ላሉ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅርብ ክትትል ይፈልጋሉ። ክኒኑ በአንዴ የሁለት ወር ተሰጥቷት ዶርም ውስጥ ባይቀመጥ ይሻላል። የሳምንት የሳምንቱን ትውሰድ፣ ወይም የምታምነው ሰው ይያዝላት።

ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳያነሱ መጫን፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማጠብና መሸፈን ነው። ቡና መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት፣ አልኮል ማፍሰስ ይቅር። ከ10 ደቂቃ በኋላም ከደማ፣ አፉን ከከፈተ ወይም ጣት ከደነዘዘ ስፌት ክፍል ትሂድ፤ የቴታነስ ክትባቷንም ታስጠይቅ።

ኮከበ_ጽባሕ (የምክር ባለሙያ)፦
ስለ ሌሊቱ እኔ ልጨምር። ያ ግፊት እንደ ደራሽ ወንዝ ነው። ሲሞላ ማንም አይሻገርም፣ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ብዙውን ጊዜ በ20 እና በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጎድላል። ሥራዋ እነዚያን ደቂቃዎች ማለፍ ብቻ ነው። ስልኳ ላይ 20 ደቂቃ ትሙላ፣ ከክፍሉ ትውጣ፣ ሰው ወዳለበት ትሂድ።

ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ምክር አይሰማም፤ መጀመሪያ ሰውነት መብረድ አለበት። ሳፋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታ፣ ትንፋሿን ይዛ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ፊቷን ትንከር፣ ሁለት ሦስቴ ትድገም። ፊት በቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ ልብ ምቱን ይቀንሳል፤ ተፈጥሮ ነው። የልብ ሕመም ያለባት ወይም ምግብ አልበላ ብላ በጣም የከሳች ግን ይህን አታድርግ። ከዚያ በ4 ቆጠራ አስገብታ በ6 እያስወጣች 5 ደቂቃ ትተንፍስ። ይህ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን ካዘጋጀችው፣ ከባድ ስሜትን መቋቋም ከሚያስተምረው ዲቢቲ ከሚባለው የንግግር ሕክምና የመጣ ነው። (ውሃ በፈረቃ ለሆነባችሁ፣ አንድ ጀሪካን ለዚሁ ተብሎ ሞልቶ ይደር። ሲሞላባት ቧንቧው «ፍፍፍ» ካለ ዕቅዱ እዚያው ሞተ።)

በመረብ ላይ የሚዞሩትን «ሕመሙን በሌላ ሕመም ተኩ» የሚሉትን ተዉአቸው። ሕመምና እፎይታ የተሳሰሩበትን ገመድ አጥብቀው ያቆዩታል።

ዕቅዱ የሚጻፈው ቀን ላይ፣ ልቧ ሲረጋ ነው። ምልክቶቿ (ለምሳሌ ስልክ መዝጋት፣ ራት መተው)፣ ብቻዋን የምታደርገው፣ የምትሄድበት ቦታ፣ የምትደውልላቸው ሰዎች፣ የጤና ተቋሙ ስልክ፣ በመጨረሻም ለጉዳት የምትጠቀምበትን ነገር ማን እንደሚያርቅላት። ያራቀችውን ለማምጣት የሚፈጅባት ጊዜ ራሱ ግፊቱ እንዲጎድል ዕድል ይሰጣል። ዕቅዶች ሲከሽፉ ያየሁት በጥቃቅን ነገር ነው። የሚደወልለት ሰው አስቀድሞ አልተጠየቀም። ወይም ሌሊት ስልኩን ያጠፋል። ወይም ልጅቷ ሂሳብ የላትም። ሁለት ሰው ይበቃል፤ «ሌሊት 8 ሰዓት ብደውል ታነሺያለሽ?» ተብለው እሺ ያሉ ይሁኑ። መልእክቱም አጭር ምልክት ይሁን፤ «ሞልቷል» ብላ ከጻፈች ሌላ ማብራሪያ አትጠየቅ።

አቻ_አማካሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን እናቷ ሰምተዋል። ጠበል ብቻ ይሁን ይላሉ፤ «ዳግመኛ እንዳታደርጊው በእኔ ሞት ማይልኝ» ብለው አስምለዋታል።

ሳይካትሪ_ነርስ፦
መሐላው ነው የሚያስቸግረው። ግፊቱ ሲመጣ መሐላ አይገታውም፣ ካደረገችው በኋላ ግን አፏን ይዘጋዋል፤ አሁን የምትደብቀው ቁስል ብቻ ሳይሆን «እናቴን ገደልኳት» የሚል ጸጸትም ነው። ለእናትየው በአክብሮት እንዲህ በሏቸው፦ «እማማ፣ አላደርግም ብላ ከምትምልልዎ፣ ሲመጣባት እነግርሻለሁ ብላ ቃል ትግባልዎ።» «ልትገድዪኝ ነው?» እና «ምን ጎደለሽ?» የሚሉትንም ይተዉላት። በየማታው ልብስ አስወልቆ መፈተሽም አይጠቅምም፤ የማይታይ ቦታ ፍለጋ ያስኬዳታል።

ከጠበሉ ጋር አትጣሉ። ጠዋት ተጠምቃ ከሰዓት ቀጠሮዋ ትሂድ፤ የሚከለክል የለም። የንስሐ አባቷ ወይም፣ ሙስሊም ከሆነች፣ የሚያከብሯቸው ሼህ «መድኃኒትሽን ውሰጂ» ቢሏት ከእኔ ሪፈር በላይ ይሠራል። ጾም ላይ ከሆነች የመድኃኒት ሰዓቷን ከሐኪሙ ጋር ታስተካክል፤ በራሷ አትዝለል። መታሰር ወይም መገረፍ ካለበት ቦታ ግን ትውጣ።

ቨርጂኒያ_ነዋሪ (አስተርጓሚ)፦
ውጭ ላላችሁ ሁለት ቃል። አሜሪካ 988 የሚባለው የችግር ጊዜ የእርዳታ ስልክ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ሲነሳ «አምሃሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ ብላችሁ ታናሽ ወንድሟን አታስተርጉሙት፤ እሷም ፊቱ እውነቱን አትናገርም፣ እሱም የሰማውን ይዞ ያድራል። እንዲህ ያለው የእርዳታ ስልክ እንግሊዝ 116 123፣ እስራኤል 1201 ነው።

አቻ_አማካሪ፦
አንድ ቀረኝ። ሦስት ሳምንት ቆይታ ብትደግመውስ?

ኮከበ_ጽባሕ፦
ቁስሉን አሳክሙ፣ የመሞት ሐሳቡን እንደገና ጠይቁ፣ ከዚያ እንድትተኛ ተዉአት። በማግስቱ ሰንሰለቱን አብራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ከዚያ በፊት ምን ተሰማት፣ ከዚያስ በፊት ማን ምን አላት፣ ራት በልታ ነበር፣ ስንት ሰዓት ተኝታ ነበር? ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ቀለበት መጨረሻው አይደለም፤ ምሳ ሳትበላ ውጤት የተለጠፈበት ሰሌዳ ጋ ብቻዋን የሄደችበት ነው። እሱን በዕቅዱ ወረቀት ላይ ጨምሩት። ወረቀቱም ከስልኳ ሽፋን ጀርባ ታጥፎ ይቀመጥ፤ ስልኩ ቻርጅ ቢጨርስም ይነበባል።