የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ ምን እንጠይቅ? 5 ፐርሰንት ወይስ የበጀት ጥሪው ይቀየር

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ድራፍቱን ያላያችሁ እባካችሁ አይታችሁ ግቡበት። ለገንዘብ ሚኒስቴሩና ለፓርላማው የበጀት ኮሚቴ የምናስገባው ነገር ብዙ ጥያቄ ከሆነ አንዱም አይመለስልንም፣ ስለዚህ ዋናውን እንለይ። የቀረበው ሁለት ነው፣ አንደኛው ከየመሥሪያ ቤቱ በጀት 5 ፐርሰንት ለሴቶች ጉዳይ ይመደብ የሚል ነው፣ ሌላው ደግሞ ገና የበጀት ጥሪው (መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄያቸውን እንዲያቀርቡ ገንዘብ ሚኒስቴር የሚልከው ደብዳቤና ቅጽ) ሲወጣ ሥርዓተ ፆታና ፍትሐዊነት እዛው ቅጹ ውስጥ ይጠየቅ የሚል።

የሴቶች ንዑስ ኮሚቴ፦ እኔ 5ቱን አለቅም። ቁጥር ከሌለ ሁሉም "እናካትታለን" ብሎ ያልፈናል። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በበጀት ሕጓ አስገብታው እየሠራችበት ነው።

የፋይናንስ ንዑስ ኮሚቴ፦ እህቴ፣ ፊሊፒንስን ካነሳን የሆነውንም እናንሳ እንጂ፣ መጀመሪያ አካባቢ አንዳንዱ መሥሪያ ቤት 5ቱን ለሠራተኛው የዳንስ ትምህርት አውሎት መሳቂያ ሆኖ ነበር። ለሥልጠና፣ ለአበልና ለባነር ይወጣና ሪፖርቱ ላይ ተፈጽሟል ይባላል። ደግሞ 95ቱስ? መንገዱም መስኖውም ሆስፒታሉም ያለው እዛ ነው። የውሃ ፕሮጀክት ቅጽ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ "ተጠቃሚ" የምትል አንዲት ሳጥን አለች፣ እሷ ላይ "የአካባቢው ኅብረተሰብ" ተብሎ ይሞላል፣ አለቀ። ቦኖው ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ከቤት ምን ያህል ይርቃል፣ የውሃ ኮሚቴው ውስጥ ማን አለ የሚል ጥያቄ የለም። ጀሪካኑን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምለው ይቺ ሳጥን ትቀየር ነው።

የአካል ጉዳተኞች ተወካይ፦ እደግፋለሁ፣ ግን ርዕሱ ላይ "ሴቶች" ብቻ ከተጻፈ እኛ እንደተለመደው መጨረሻ ላይ "እና ሌሎች" ውስጥ ነው የምንገባው። የኡጋንዳን እ.ኤ.አ. የ2015 የመንግሥት ፋይናንስ ሕግ እዩት፣ ሴት፣ ወንድ፣ አካል ጉዳተኛና ሌሎች የተገለሉ ብሎ ነው የሚዘረዝረው። በጀቱ ፓርላማ ሲቀርብ የሥርዓተ ፆታና የፍትሐዊነት ሰርተፍኬት አብሮ መቅረብ አለበት፣ የሚገመግመውም የእኩል ዕድል ኮሚሽናቸው ነው፣ ማለፊያው 50 ፐርሰንት። እነሱ በሕግ ካደረጉት እኛ መጠየቅ ምን ያስፈራናል?

የሴቶች ንዑስ ኮሚቴ፦ ሰርተፍኬቱ ደስ ይላል፣ ግን ወረቀት አሳምሮ መጻፍ የማይችል መሥሪያ ቤት ታውቃላችሁ? አማካሪ ቀጥሮ ያጽፋል በቃ።

የፋይናንስ ንዑስ ኮሚቴ፦ ልክ ነሽ፣ ለዚህ ነው ዕቅዱ ብቻውን የማይበቃኝ። በጀት ከጸደቀ በኋላ ዝውውር አለ፣ ማለትም ለአንድ ሥራ የተመደበው ወደ ሌላ ይዛወራል፣ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚነሳለት እንዲህ ያለው መስመር ነው፣ ማንም ደግሞ አይጮህለትም። ስለዚህ የተመደበው፣ ከዝውውር በኋላ የቀረውና በትክክል የወጣው ጎን ለጎን ይውጣ፣ የክዋኔ ኦዲት (ገንዘቡ ምን ውጤት አመጣ የሚለው ምርመራ) ሲደረግም ይታይ። ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ለሴቶች የሆነውንና ቢያንስ 30 ፐርሰንቱ ለሴቶች የሆነውን ፕሮግራም በየክፍሉ ለይታ ከበጀቱ ጋር ታወጣለች። ጥሩ ነው፣ ግን 30 ነው ወይስ 60 የሚለውን የሚገምተው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ከሆነ መረጃ ከሌለ ግምት ነው የሚሆነው።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ ስላቋረጥኩ፣ ሁላችሁም ስለ ወጪ ነው የምታወሩት፣ ታክሱስ? ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሴቶች ንጽህና መጠበቂያ ላይ ቫት አንስታለች፣ እሱም በጀት አይደል?

አስተባባሪ፦ ጎበዝ! ይግባ፣ ግን አንድ አንቀጽ ብቻ፣ ካልሆነ ይበታተንብናል።

ጋሼ (የቦርድ አባል)፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። በመመሪያ ብቻ ከሆነ ሚኒስትር ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። አውስትራሊያ በጀቱ ለሴቶች ምን እንደሚያደርግ የሚያሳየውን መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1984 ቀድማ ጀምራ በ2014 አቁማ በ2021 ነው የመለሰችው። በአዋጅ ይሁን ብላችሁ ጠይቁ።

የሴቶች ንዑስ ኮሚቴ፦ እሺ ጋሼ፣ በአዋጅ ከሆነ እስማማለሁ። 5ቱ ግን እንደ ዝቅተኛ ወለል አባሪው ላይ ይቀመጥልኝ፣ ለሥልጠናና ለአበል እንደማይቆጠር ተጽፎ።

አስተባባሪ፦ ተስማማን ማለት ነው። ዋናው ጥያቄ የበጀት ጥሪው ቅጽ፣ ከሱ ጋር ሰርተፍኬቱና የወጪ ሪፖርቱ፣ ሁሉም በአዋጅ። ርዕሱ ላይ አካል ጉዳተኞች በስም ይጠቀሳሉ። ፋይናንሶች የቅጹን ናሙና በኤክሴል ሥሩልን፣ ያው ያቺን የውሃ ሳጥን ተቀይራ እንድናያት። በፆታ፣ በዕድሜና በአካል ጉዳት የተለየ መረጃ ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደምንጠይቅ የሚጽፍ ሰው ግን ገና አላገኘሁም፣ ማነው የሚወስደው?