ለዓሣ ገንዳ ዕፅዋት አልጌ፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር?

«አኑቢያሴ ቅጠሉ ዳር ላይ ጥቁር ጺም አወጣ። የትኛውን መድኃኒት ልግዛ?» አኑቢያስ በዓሣ ገንዳ ውስጥ የሚተከል አዝጋሚ ተክል ነው፤ ጥቁር ጺም የሚሉትም ቅጠሉ ላይ የሚበቅል አልጌ ነው። ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሴ ሁልጊዜ በሌላ ጥያቄ ይጀምራል፤ መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ጠዋት አበራዋለሁ፣ ልተኛ ስል አጠፋዋለሁ» የሚል ነው። ይህ 14 ወይም 15 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ የትኛውም ጠርሙስ ቢገዛ ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ታይመር ነው። ሶኬት ላይ ይሰካል፣ መብራቱን በራሱ ያበራል፣ በራሱ ያጠፋል። አልጌ ለያዘው ገንዳ በቀን 6 ሰዓት ብርሃን ይበቃል። ሲጸዳ ቀስ ብሎ ወደ 8 ማሳደግ ይቻላል። ታይመር ሁለት ዓይነት ነው። በእጅ እየዞረ የሚሞላው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አብሮ ይቆማል፣ ሲመለስም ካቆመበት ይቀጥላል። ሰዓቱ ተዛብቶ መብራቱ እኩለ ሌሊት ሲበራ የምታዩት ለዚህ ነው። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ግን ሰዓቱን አይረሳም። እኔ ዲጂታሉን እመርጣለሁ።

ከታይመሩ ቀጥሎ ምን እንደሚገዛ የሚወስነው የአልጌው ዓይነት ነው። ሁሉም «አልጌ» ይባላል እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

አዲስ ገንዳ ላይ እንደ ቡናማ አቧራ ሆኖ ቅጠሉን የሚያለብሰው ዲያቶም ይባላል። በጣት ስትነኩት ይለቃል። ምንም አትግዙለት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። ረጅም አረንጓዴ ክር ከሆነ ደግሞ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ብሩሹን ክሩ ውስጥ ከትታችሁ እንደ እንዝርት አሽከርክሩት፤ ተጠቅልሎ ይወጣል። አረንጓዴና ጠንካራ ነጥብ ሆኖ መስታወትና አሮጌ ቅጠል ላይ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ብርሃን በዝቶ ፎስፌት (ከተክል ምግቦች አንዱ) ሲያንስ ይመጣል። ውሃው ራሱ እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ከሆነ ችግሩ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው። ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ያለው ማጣሪያ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ቅጠል ላይ የተለጠፈ አልጌን ዩቪ አይነካውም፤ በውስጡ የሚያልፈውን ውሃ ብቻ ነው የሚያክመው። ይህን ሳያውቁ ለጥቁር ጺም ዩቪ የገዙ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሰማያዊ አረንጓዴ ልባጥ ሆኖ አፈሩንና ቅጠሉን የሚሸፍን፣ ሲነሳ እንደ ቆዳ ተገፎ የሚወጣ፣ የሚሸት ነገር ካያችሁ እሱ አልጌ አይደለም። ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አንቲባዮቲክ የሚጨምሩበት አሉ፤ እኔ አልመክርም። በጎማ እየመጠጣችሁ አውጡት፣ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ገንዳውን ለ3 ቀን በጨርቅ ሸፍኑት። ሲገለጥ እንደገና የሞተውን መጥጣችሁ ውሃ ቀይሩ። ዕፅዋቱ 3 ቀን ጨለማን ይችሉታል።

አሁን ወደ ጥቁሩ ጺም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ነው። መልኩ ጥቁር ወይም ግራጫ ይሁን እንጂ ዘሩ ከቀይ አልጌዎች ነው። እንደ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ያሉ አዝጋሚ ዕፅዋትን ይወዳል፤ ቅጠላቸው ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ተረጋግቶ ይበቅልበታል። ቆሻሻ በተጠራቀመበትና የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ከፍ ዝቅ በሚልበት ገንዳም ይበረታል። ለዚህ ሁለት ጠርሙሶች ይወዳደራሉ።

አንደኛው «ፈሳሽ ካርቦን» የሚባለው ነው። ሲኬም የተባለው ኩባንያ የሚያመርተው ፍሎሪሽ ኤክሰል በጣም የታወቀው ነው። አምራቹ በጠርሙሱ ላይ እንደሚለው መጀመሪያ ለ40 ሊትር 5 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለ200 ሊትር 5 ሚሊ ሊትር ነው። አልጌውን በእርግጥ ያዳክማል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቫሊስኔሪያ የሚባለው ረጅም ቅጠል ያለው ተክል ካላችሁ ሊያቀልጥባችሁ ይችላል፤ ሞስ የሚባለው ተክልም አይወደውም። ደግሞም የግሉታራልዴሃይድ (ጠንካራ ጀርም ገዳይ ኬሚካል) ዘመድ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፣ አፍንጫችሁን አታስጠጉት። በጋዝ መልክ የሚሰጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል የሚለውንም አትመኑ።

ሁለተኛው ተራ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ቁስል የሚታጠብበት። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው። ምክንያቱም ሥራውን ጨርሶ ውሃና ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊልተሩን አጥፉ፤ ውሃው ጸጥ ይበል። በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጥቂት ስባችሁ፣ ጫፉን ጺሙ አጠገብ አስጠግታችሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከጺሙ ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ እንደ ክር መነሳት ይጀምራል። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ፊልተሩን አብሩ። እኔ ለ40 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሊትር አላልፍም፤ ሽሪምፕ ካለ ከዚያም አሳንሳለሁ። በሁለት ሦስት ቀን ጥቁሩ ጺም ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ሮዝ ከሆነ ሞቷል። እስከ ትናንት ዞር ብለው ያላዩት ሽሪምፖች ያኔ ተሰብስበው ሲግጡት ማየት ደስ ይላል። ሁለቱን ጠርሙስ ግን በአንድ ቀን አታደባልቁ።

መዳብ ያለበት የአልጌ ማጥፊያ ካጋጠማችሁ ተዉት። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይጨርሳል። ፎስፌት መምጠጫም ለዕፅዋት ገንዳ አልመክርም፤ ተክሉን ታስርቡና ያንን አረንጓዴ ነጥብ ትጋብዛላችሁ።

ስለ አልጌ በል እንስሳት ብዙ የሚባል አለ። እኔ አንደኛ የማደርገው አማኖ ሽሪምፕን ነው። ስሙን ያገኘው ከታካሺ አማኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 አኳ ዲዛይን አማኖን የመሠረተው፣ የዕፅዋት ገንዳን ወደ ጥበብ ያሳደገው ጃፓናዊ ፎቶ አንሺ። ክር አልጌን ሳይታክት ይበላል። ጫጩቶቹ ለማደግ ጨው ያለበት ውሃ ስለሚፈልጉ ገንዳችሁን አያጥለቀልቅም። ኔራይት ቀንድ አውጣ መስታወትና ሰፊ ቅጠል በማጽዳት የሚወዳደረው የለም፤ እንጨትና ድንጋይ ላይ የሚለጥፈው ነጭ እንቁላል ግን ለመላቀቅ ያስቸግራል። እሱን ከቻላችሁ ውሰዱት። ኦቶሲንክለስ ለስላሳ ቡናማ አልጌን የሚወድ ትንሽዬ ዓሣ ነው፤ በቡድን ነው የሚኖረው። አደራ፣ አዲስ ገንዳ ውስጥ አታስገቡት። የሚግጠው ስለማይኖር በረሃብ ይሞታል።

ጥቁር ጺምን የሚበላ ዓሣ ከፈለጋችሁ የሳያም አልጌ በል ነው። እዚህ ላይ እኔ ተሸውጃለሁ። የሳያም ነው ተብዬ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ገዛሁ። ለጥቂት ወራት ጥሩ ሠሩ። ከዚያ አንዱ ሰፋ ብሎ አደገና ሌሎቹን ዓሦች እያሳደደ ጎናቸው ላይ መለጠፍ ጀመረ። የቻይና አልጌ በል ነበር። ሲያድግ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ የሌሎችን ዓሦች ልጋግ ይመጣል። እንዳይደርስባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። የሳያሙ ጥቁር መስመር እስከ ጅራቱ ክንፍ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል። የቻይናው አፍ ደግሞ ከሥር ሆኖ መስታወት ላይ እንደ መምጠጫ ጎማ ይለጠፋል። እውነተኛው ሳያምም እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም።

ማዳበሪያ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አልጌ ሲያዩ ማቆማቸው ነው። ተክሉ ሲራብ ቅጠሉ ይደክማል፣ አልጌው የሚወጣው በደከመው ቅጠል ላይ ነው። ትሮፒካ የተባለው አምራች ሁለት ዓይነት ማዳበሪያ አለው። ፕሪሚየም የሚለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለውም፤ ዓሣ በዝቶ ተክል ላነሰበት ገንዳ ይሆናል፣ ዓሣው ራሱ ያንን ስለሚሰጥ። ስፔሻላይዝድ የሚለው ሁለቱም አሉት፤ ጥቂት ዓሣና ብዙ ፈጣን ተክል ላለው እሱ ነው። በየሳምንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ውሃ መቀየር ከሁለቱም ጋር ይሄዳል።

ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትጠቀሙ ከሆነ መብራቱ ከሚበራበት ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ጋዙ ይከፈት። የጋዙን መጠን የሚያሳየውን ትንሽ የመስታወት አመልካች ግዙ። ሰማያዊ ከሆነ አንሷል፣ አረንጓዴ ልክ ነው፣ ቢጫ ሲሆን ዓሦቹ አደጋ ላይ ናቸው። ውጤቱ ግን ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ ቧንቧውን ነክታችሁ ወዲያው አትፍረዱ።

ገንዘብ ለሚያጥረው ደግሞ ፈጣን ተክል እጠቁማለሁ። ሆርንወርት፣ ዋተር ዊስቴሪያ፣ ወይም ላይ የሚንሳፈፍ ማንኛውም ተክል። ምግቡን ከአልጌው ይሻማሉ፣ ተንሳፋፊዎቹ ደግሞ ለአኑቢያሱ ጥላ ይሆናሉ። አኑቢያስ ጥላ ይወዳል።

ክፉኛ የተወረረውን አሮጌ ቅጠል አታስታምሙት። ከሥሩ በመቀስ ቁረጡት፤ ግን በአንድ ቀን ከሲሶው በላይ አትንኩ። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ የምታዩት አሮጌውን አይሁን፤ ከመሃል የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ተመልከቱ። ዳሩ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ከሆነ የጀመራችሁትን ሳትለውጡ ቀጥሉ። አዲሱም ላይ ጺም ካለ ወደ ታይመሩ ተመለሱና አንድ ሰዓት ቀንሱ።