ቶተንሃም ለሃሪ ኬን ዕዳ አለበት ወይ?

ጠባሴ፦ ጨዋታ የምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የጨዋታ ሰዓት በጠመኔ ይጻፍበታል። ቅዳሜ ከሰዓቶቹ ሥር አንዱ በትልቁ «ኬን ወደ ቤቱ» ብሎ ጽፎበታል። እሱን አይቼ አለፍኩት። የዝውውር ወሬ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ያናደደኝ ውስጥ ገብቼ የሰማሁት ነው። አንዱ ተነስቶ «ቶተንሃም ለኬን ዕዳ አለበት፤ መልሶ ማምጣት ግዴታው ነው» አለ። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበለት። እኔ የስፐርስ፣ የቶተንሃም ደጋፊ ነኝ። ኬንን እወደዋለሁ። ግን ምንም ዕዳ የለብንም። ልጁን በ11 ዓመቱ ተቀብለን አሳደግነው። ሌይተን ኦሪየንት፣ ሚልዎል፣ ኖርዊች፣ ሌስተር በውሰት እየላክን እስኪበስል ጠበቅነው። እሱም 280 ጎል አግብቶልን የጂሚ ግሪቭስን ሪከርድ ሰበረ። በ2023 ክረምት ባየርን ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይከፍላል ተብሎ ሄደ። ተመሰጋግነን ነው የተለያየነው። ዕዳው ከየት መጣ?

መሐል ሜዳ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። «አንዱ» ከምትል ስሜን ብትጠራ ምን ነበረበት? አሁንም እደግመዋለሁ፣ ዕዳ አለብን። በ2018 ክረምት አንድ ተጫዋች እንኳ ሳያስፈርም የቀረው ማን ነው? እኛ ነን። የዝውውር መስኮት ከመጣ ወዲህ በፕሪሚየር ሊጉ እንዲህ ያደረገ ክለብ አልነበረም። ጥር መጣ፣ አሁንም ማንም የለም። በዚያ ቡድን ነው ማድሪድ ድረስ ሄደን የሻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የተጫወትነው። ኬን ገና ከጉዳት መነሳቱ ነበር። በሊቨርፑል 2 ለ 0 ተሸነፍን። በ2021 ደግሞ የካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜ ስድስት ቀን ሲቀረው ሞሪንዮን አባረሩት። ሲቲ 1 ለ 0 አሸነፈን። አጥቂው የመጀመሪያ ዋንጫዬን ላነሳ ነው ብሎ ሲዘጋጅ አሰልጣኙን ከሥሩ ነቅለው ጣሉበት። ይሄ ዕዳ ካልሆነ ምንድነው?

ጠባሴ፦ የቆጠርከው ሁሉ የክለቡ ሊቀመንበር የነበረው የዳንኤል ሌቪ ጥፋት ነው። ሰውዬው በመስከረም 2025 ለቋል። ዕዳ ካለበት ይዞት ይሂድ።

መሐል ሜዳ፦ ሌቪ የወሰነው በክለቡ ስም ነው። ኬንን በ2021 ሲቲ ሲፈልገው አላስወጣም ያለውም ክለቡ ነው። ልጁ 28 ዓመቱ ነበር፤ የአጥቂ ምርጥ ዕድሜ። ሁለት ዓመት ያዝነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት ሲቲ ሁለቴ ሊጉን በላ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሦስት ዋንጫ አነሳ። እሱ ግን እኛ ጋ ሆኖ ያያል።

ሸዋ ሮቢት፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቼልሲ ነኝ፣ ግን ነገሩ ስለሚያገባኝ ገባሁ። በ2021 ልምምድ ላይ አርፍዶ የመጣውን ለምን አታነሱም? ውሉ ሦስት ዓመት እየቀረው ልሂድ አለ። ውል የፈረመው እሱ ነው። ማንም እጁን አልጠመዘዘውም።

መሐል ሜዳ፦ ያ ዓመት ሲያልቅ ስንት እንዳገባ ታውቃለህ? አኩርፎ ቁጭ አላለም።

ደብረ ሲና፦ እናንተ ስፐርሶች ስለ መመለስ እኛን ማንቼዎችን ጠይቁን። ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ2021 ሲመለስ የመጀመሪያው ቀን ኒውካስል ላይ ሁለት አገባ። 4 ለ 1። እኔ ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ አላፍርም። ከዚያስ? እሱ በሊጉ 18 አገባ፣ ቡድኑ 6ኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ተቀይሮ አልገባም ብሎ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ መልበሻ ክፍል የሄደው ከማን ጋር ስንጫወት ነው? ከናንተው ከቶተንሃም ጋር። ኅዳር ላይ ውሉ ተቋረጠ። በልጅነቴ የወደድኩትን ሰው ባልመለሱት ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኬን ይቅርባችሁ።

አንኮበር፦ ወንድሜ፣ 18 ጎል ያገባን ሰው አበላሸን ትላለህ? ያንን ዓመት ያለ እሱ አስበው። 6ኛም አትወጡም ነበር።

ደብረ ሲና፦ ጎሉን አይደለም የማወራው እህቴ። ቡድኑ በሙሉ ለእሱ ብቻ መጫወት ጀመረ። የሚጫነውም የሚሮጠውም ጠፋ። ሁሉም ኳሱን ወደሱ መወርወር ብቻ።

አንኮበር፦ የሚሮጠው የጠፋው እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው። አሰልጣኙን ሶልሻየርን ያባረራችሁት በሮናልዶ ምክንያት ነው? በዚያ ወር ዋትፎርድ 4 ለ 1 ነው ያሸነፋችሁ። የዋትፎርድንም በሮናልዶ ልታሳብቡ ነው?

ደብረ ሲና፦ አርሰናል ስለሆንሽ ነው እንዲህ የምትዪው።

አንኮበር፦ አርሰናል መሆኔ የዋትፎርድን ውጤት አይለውጠውም። ለማንኛውም መመለስ ሁሉ አንድ አይደለም። የኛን ሄንሪን እዩ። ታኅሣሥ 2011 ሐውልቱ በስታዲየማችን በኤምሬትስ ቆመ። በጥር ከኒውዮርክ በውሰት ለሁለት ወር መጣ። ተቀይሮ ገብቶ ሊድስ ላይ አገባ፣ 1 ለ 0። ከዚያ ሰንደርላንድ ላይ በባከነ ሰዓት አሸናፊውን ጎል አስቆጠረ። ከዚያ ተሰናብቶ ሄደ። ዕዳ ብሎ ያወራ አልነበረም፤ ዋና አጥቂያችን ቫን ፐርሲ ስለነበር ሄንሪን ተሸከመን ያለውም የለም።

ጠባሴ፦ እሱን ነው የምለው! ሄንሪ ለሁለት ወር ነው። የሚፈለግበትም ትንሽ ነው። መሐል ሜዳ የሚለው ግን ሌላ ነው። ኬን መጥቶ ቡድኑን እንደገና ትከሻው ላይ ይሸከም ነው የሚለው። በ32 ዓመቱ!

ሸዋ ሮቢት፦ ድሮግባም አለ። በ2014 ሲመለስ ማንም ዋና አጥቂ ይሆናል አላለም። በሊጉ ያገባው አራት ጎል ብቻ ነው። ግን ዲዬጎ ኮስታ ሲጎዳ ገባ፣ ሊጉን አነሳን። በሌላ በኩል ሉካኩን እዩት። በ2021 በ97.5 ሚሊዮን ፓውንድ ጀግናችን ተመለሰ አልን። ዓመቱ ሳያልቅ ለጣሊያን ቴሌቪዥን ኢንተር ይሻለኛል የሚል ወሬ አወራ። በሚቀጥለው ክረምት ወደ ኢንተር በውሰት። ልዩነቱ ምንድነው? ድሮግባ ቤንች ለመቀመጥ ተስማምቶ ነው የመጣው። ኬን ቤንች ይቀመጣል?

መሐል ሜዳ፦ ለምን ይቀመጣል? የሪከርድ ነገርስ? ኬን በፕሪሚየር ሊግ 213 ጎል አለው። የሊጉ ሪከርድ ባለቤት ሺረር 260። የቀረው 47 ነው። በመጀመሪያው የቡንደስሊጋ ዓመት ብቻ 36 አገባ። ሁለት ዓመት ተኩል ስጡት፣ ይሰብረዋል። የሺረርን ሪከርድ የቶተንሃምን ማሊያ ለብሶ እንዲሰብረው አትፈልግም? የስፐርስ ደጋፊ ነኝ እያልክ?

ጠባሴ፦ ደጋፊነቴን አንተ አትመዝነውም።

መሐል ሜዳ፦ ጥያቄውን መልስ።

ጠባሴ፦ እመልሳለሁ። እፈልጋለሁ። ማን አይፈልግም? ግን ክለብ የአንድን ሰው ሪከርድ ለማሟላት ተጫዋች አይገዛም። በ2022/23 ኬን ለኛ በሊጉ 30 ጎል አገባ። 30! እኛ ስንተኛ ወጣን? 8ኛ። ከአውሮፓ ውድድርም ቀረን። ይሄን ሁላችሁም ረስታችኋል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። አሁን ስታወሩ ኬን ሳለ ሁሉም ሙሉ የነበረ ይመስላል።

መሐል ሜዳ፦ እሱ ከሄደ በኋላስ? በ2024/25 17ኛ ነው የወጣነው። ከመውረጃው በላይ ያለችው የመጨረሻዋ ቦታ ላይ።

ጠባሴ፦ በዚያው ዓመትም የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ አነሳን። ቢልባኦ ላይ፣ ዩናይትድን 1 ለ 0። ብሬናን ጆንሰን አገባ። ከ17 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ዋንጫ። ያለ ኬን!

ደብረ ሲና፦ ያንን ቀን ባታነሱት።

ጠባሴ፦ እናነሳዋለን። እሱም እዚያ ጀርመን በዚያው ወር ቡንደስሊጋውን አነሳ። የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫው። እኛም አገኘን፣ እሱም አገኘ። ሁለታችንም ተለያይተን ነው የተሳካልን። ለዚህ ነው ዕዳ የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ የሚፈላው። ማን ለማን ይከፍላል?

ጋሼ ባሶ፦ ልጆቼ፣ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘለላችሁ። ቶተንሃም የድሮ አጥቂዎቹን መመለስ የለመደ ክለብ ነው። እኔ ይሄን ክለብ የወደድኩት በክሊንስማን ነው። ታኅሣሥ 1997 ቡድኑ ሊወርድ ሲል በውሰት ተመለሰ። 15 የሊግ ጨዋታ፣ 9 ጎል። ግንቦት ላይ ዊምብልደንን 6 ለ 2 ሲያሸንፉ አራቱን ያገባው እሱ ነው። ከመውረድ ተረፉ። ያኔ ውጤቱን የምንሰማው በሬዲዮ፣ ዝርዝሩን የምናገኘው ከቀናት በኋላ በስፖርት ጋዜጣ ነበር። አራት ጎል የሚለውን ሳነብ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ነበር። ከዚያም በ2009 ጥር ዴፎ ተመለሰ፣ በየካቲት ሮቢ ኪን ተከተለ። በ2020 ቤል በውሰት መጣ፣ በሁሉም ውድድር 16 አገባ። ስለዚህ መመለስ ያበላሻል የሚለው ለሌላ ክለብ ይሁን እንጂ ለዚህ ክለብ አይሠራም።

ጠባሴ፦ ጋሼ፣ አክብሬ ልጠይቅዎት። ክሊንስማን ሲመለስ ዕዳ ሊቀበል መጣ ያለ ሰው ነበር?

ጋሼ ባሶ፦ አልነበረም። ሊያድነን መጣ ነው የተባለው።

ጠባሴ፦ ተመስገን። እኔም የምለው ይሄው ነው። ከተቸገርን ይምጣ። ግዴታ ነው አይባል።

ጋሼ ባሶ፦ ግን አንተ ልጅ፣ ዕዳ የሚለውን ቃል ይዘህ ብቻ ቆመሃል። ሰውዬው ቢመጣ ደስ ይልሃል አይልህም? እሱን ተናገር።

ጠባሴ፦ ደስ ይለኛል ጋሼ። ደስታዬ ግን አንድ ነገር ነው፣ ክለቡ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው።

ሞላሌ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ስለ እንግሊዝ ክለብ እንዲህ ደማችን የሚፈላው ስለ ራሳችን አጥቂ አንድ ቀን ተከራክረን እናውቃለን? አቡበከር ናስር በእኛ አቆጣጠር በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ። የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ሪከርድ ሰበረ። ደቡብ አፍሪካ ሰንዳውንስ ሄደ፣ ጉዳት አሰቃየው። ነገ ወደ ቡና ቢመለስ ዕዳ አለብን ትላላችሁ?

ሸዋ ሮቢት፦ ቡና ያሳደገው ልጅ ነው፣ ያለ ጥያቄ እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል።

ሞላሌ፦ እንዴ፣ ታዲያ ኬን በምን ይለያል?

ሸዋ ሮቢት፦ በዕድሜ ይለያል። አቡበከር ወጣት ነው፣ እግሩ ከዳነ ገና ብዙ ይጫወታል። ኬን 32 ሞልቶታል።

ሞላሌ፦ ኬን በ32 ዓመቱ የሚያገባውን እዚህ በ22 ዓመቱ ማን ያገባል?

አንኮበር፦ እናንተ ኬን ራሱ ያለውን ለምን አትጠይቁም? በጥቅምት 2025 ተጠይቆ ነበር። መጀመሪያ ባየርን ሲሄድ በእርግጠኝነት ወደ ፕሪሚየር ሊጉ እመለሳለሁ ይል እንደነበር፣ አሁን ግን ያ ፍላጎት ትንሽ እንደቀነሰ ተናገረ። በፍጹም አልመለስም ግን አላለም። በ2023 የፈረመው ውል እስከ 2027 ነው። ሰውዬው ሙኒክ ተመችቶታል፣ እናንተ እዚህ በብርድ ጋቢ ተከናንባችሁ ትጣላላችሁ።

መሐል ሜዳ፦ በፍጹም አልመለስም አላለም። እሱ ይበቃኛል። ሌቪም በ2023 በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ ስንሸጠው ቅድሚያ መልሶ የመግዛት ነገር በውሉ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አዎ ብሏል። ያኔ አሰልጣኛችን የነበረው ቶማስ ፍራንክም በመስከረም 2025 ኬንን መልሶ ማየት እንደሚፈልግ ተናግሯል። በሩ ክፍት ነው።

ሸዋ ሮቢት፦ ቶማስ ፍራንክ አሁን የሚመጣ አይመስለኝም፣ ባየርን ይቆያል ብሎም ጨምሯል። ግማሹን ብቻ አታንብብ።

መሐል ሜዳ፦ አሁን አላልኩም። ክረምት ይመጣል።

ደብረ ሲና፦ እኛም «በሩ ክፍት ነው» ብለን ነው ያበድነው። ሮናልዶን ሲቲ ሊወስደው ነው ተባለ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ፈርጉሰን ደወለ፣ ፈርዲናንድ ደወለ ተብሎ መጣ። ማንም ቁጭ ብሎ የት እናጫውተዋለን አላለም። እናንተስ አስባችሁበታል?

ጠባሴ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። መሐል ሜዳ፣ አጥቂያችንን ሶላንኬን የት ታስቀምጠዋለህ? በ2024 ከ50 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበታል።

መሐል ሜዳ፦ ቤንች። ኬን ሲመጣ ማንም ቤንች ይቀመጣል።

ጠባሴ፦ ቢልባኦ ላይ ከፊት የተሰለፈው ማን ነበር? ሲደበደብ፣ ሲወድቅ ሲነሳ ያመሸውስ? ሶላንኬ። ዋንጫ አምጥቶልናል። ለሱስ ዕዳ የለብንም?

መሐል ሜዳ፦ ሶላንኬን ከኬን ጋር አታወዳድር።

ጠባሴ፦ አላወዳደርኩም። ዕዳ ብለህ የጀመርከው አንተ ነህ። ዋንጫ ላመጣው ዕዳ አለብን ወይስ የለብንም?

መሐል ሜዳ፦ እሱ ደሞዙን ይወስዳል።

ጠባሴ፦ ኬንም ደሞዙን ወስዷል።