አዲሱ የብር ሳንቲሜ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ፤ ልወልውለው ወይስ ልተወው?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመታሰቢያ ሳንቲም መሰብሰብ ገና መጀመሬ ነው። የሚስቡኝ አዳዲሶቹ ናቸው፤ በተለይ ገጻቸው ለየት ያሉት። አሁን ሦስት አሉኝ፦ አንዱ ሪቨርስ ፕሩፍ፣ አንዱ ጥቁር አንቲክ ፊኒሽ (አሮጌ የሚያስመስል የገጽ አሠራር)፣ አንዱ ደግሞ ምስሉ በቀለም የታተመ። ሦስቱም ንጹህ ብር ናቸው። ሪቨርስ ፕሩፉ ከካፕሱሉ (ግልጽ የፕላስቲክ ማቀፊያው) ሳይወጣ ነጭ ነጥብ ወጣበት። ወንድሜ "የብር ማጽጃ ገዝተሽ ወልውይው" ይለኛል። ልስማው? አንቲኩስ እያደር አይጠቁርም? ደግሞ ሻጮች "ብዛቱ የተወሰነ ነው" እያሉ ዋጋውን ይቆልሉታል። እውነት ያዋጣል?

ጠርዙን ያዝ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን በዚህ ነገር አትስሚው። በተለመደው ፕሩፍ (ለሰብሳቢ በልዩ ጥራት የሚታተም ሳንቲም) ሜዳው፣ ማለትም ምስል የሌለበት ባዶው ገጽ፣ መስታወት ነው፣ ምስሉ ደግሞ ደብዛዛ። በሪቨርስ ፕሩፍ ይገለበጣል፤ ምስሉ ያበራል፣ ሜዳው ይደበዝዛል። ያ ድብዝዝ ያለው ገጽ ቀለም አይደለም። ማተሚያው ብረት ላይ በሌዘር ወይም በጥቃቅን ቅንጣቶች ርጭት የተሠራ ሸካራነት ነው፤ ሲታተም ወደ ሳንቲሙ ይተላለፋል። ጨርቅ ካገኘው ይተኛል። አንዴ ከተኛ በቃ፣ የሚመልሰው የለም። የገዛሽው እኮ ያንን ገጽ ነው! ብሩማ በጥፍጥፍም ይገኛል።

ነጩ ነጥብ በንጹህ ብር ላይ የታወቀ ጣጣ ነው። ባዶው ጥፍጥፍ ከመታተሙ በፊት ይታጠባል፣ ይሞቃል፤ ብዙዎች ከእጥበቱ የቀረ ኬሚካል ነው ይላሉ። ሳንቲሙ ከተሸጠ በኋላም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ያንቺ አያያዝ ያመጣው ነው ብለሽ አትጨነቂ። ፎቶ አንሺው፣ የመመለሻው ጊዜ ካላለፈ ለሻጩ ላኪለት። ካለፈ ተዪው።

የድኝ ሽታ፦ ስለ አንቲኩ እኔ ልመልስ። ጥቁሩን የሚሠሩት ብሩን ድኝ ካለበት ኬሚካል ጋር በማገናኘት ነው። ከዚያ ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ ይፈገፍጉታል፤ ጎድጎድ ያለው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብር በራሱ ጊዜ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ አየር ውስጥ ባለ ድኝ። ስለዚህ ትንሽ ቢጠቁር መልኩ ብዙም አይጎዳም። ከሦስቱ ትንሽ ልብ የሚያሳርፈው እሱ ነው። አደጋው በተቃራኒው በኩል ነው። የብር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ብትነክሪው ጥቁሩ በሴኮንዶች ውስጥ ተገፎ ይሄዳል፤ ያኔ አንቲክ የሚባል ነገር የለሽም።

ሦስቱንም ከካርቶን፣ ከላስቲክ ማሰሪያና ከሱፍ ጨርቅ አርቂ። ድኝ ከነዚህም ይወጣል። ከካፕሱሉ ጋር አንድ ከረጢት ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ) ማስቀመጥ አይጎዳም።

ቀለም በቀለም፦ ባለቀለሙን ከፀሐይ ጠብቂው፣ አሴቶን (ቅባትና ሙጫ የሚያሟሟ ፈሳሽ) ደግሞ አጠገቡ አይድረስ። አሴቶን ቀለም በሌለው ብር ላይ ምንም አያደርግም፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚመክረው። ቀለሙን ግን ያሟሟዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበያው ላይ ሦስተኛ ወገን የቀባቸው ሳንቲሞች ሞልተዋል። ተራውን የብር ሳንቲም ይገዛሉ፣ ቀለም ያትሙበታል ወይም ሩቴኒየም በሚባል ብረት ጥቁር ያለብሱታል፣ "ልዩ እትም" ብለው የራሳቸውን ወረቀት ይጨምሩበታል። ለእኔ ያ የተበላሸ ሳንቲም ነው። ሳንቲሙን ያወጣው ሚንት (ሳንቲም አታሚ ተቋም) ዝርዝር ውስጥ ያ ፊኒሽ መኖሩን ሳታዪ እንዳትከፍዪ።

ጀማሪዋ፦ ኧረ ተባረኩ! ማጽጃው ቀርቷል። ሌላ ለየት ያለ ምን ልፈልግ?

ቀለም በቀለም፦ የእኔ ምርጫ የኦስትሪያ ባለ 25 ዩሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ነው የሚወጣው። ዙሪያው ብር፣ መሃሉ ኒዮቢየም የሚባል ብረት ነው። ቀለም አልተቀባም። በኤሌክትሪክ ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጁለታል፤ የሽፋኑ ውፍረት ሲለያይ ቀለሙ ይለያያል። ውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀስተ ደመና እንደሚያወጣው ማለት ነው። መሃሉን በጣት እንዳትነኪ፣ አሻራ ወዲያው ይታይበታል።

በትንሽ ገንዘብ ከሆነ የጀርመን እ.ኤ.አ. የ2016ቱን 5 ዩሮ እዪ። በመሃሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ የፖሊመር ቀለበት አለው። የካናዳ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ ባለ 25 ሳንቲም ደግሞ ቀይ የፖፒ አበባ አለበት። ለተራ ግብይት የወጣ የመጀመሪያው ባለቀለም ሳንቲም እሱ ነው፤ ቀለሙ ያልተላጠ ፈልጊ።

ጋሼ ሚዛን፦ ልጄ፣ "ያዋጣል ወይ" ላልሽው ማንም አልመለሰም። "የተወሰነ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይልም። ቁጥሩን ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ በኢንሃንስድ ሪቨርስ ፕሩፍ (የሪቨርስ ፕሩፍ ዓይነት) ያወጣችው ሲልቨር ኢግል የተባለ የብር ሳንቲም ጣሪያው፣ ማለትም ሊታተም የሚችለው ከፍተኛ ብዛት፣ 30,000 ነበር፤ በደቂቃዎች አለቀ፣ ዋጋውም ሰማይ ነካ። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ጎድጓዳ የቤዝቦል ብር ሳንቲምም አልቋል፣ ግን ጣሪያው 400,000 ነበር። እሱን የፈለገ ዛሬም ሳይለፋ ያገኘዋል። ጣሪያ ማለት ደግሞ የተሸጠው ቁጥር አይደለም። አንዳንዱ ግማሹም ሳይሸጥ ይዘጋል፤ ማንም ስላልፈለገው ብርቅ የሆነም አለ።

"ፈርስት ስትራይክ" የሚል መለያ ላይም ገንዘብሽን አታፍስሺ። ሳንቲሙ ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ ጥራቱን ለሚመዝን ድርጅት ደርሷል ማለት ነው እንጂ መጀመሪያ የታተመ ማለት አይደለም።

የድኝ ሽታ፦ ጋሼ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ለትርፍ ብቻ መሰብሰብ ያለባት አይመስለኝም። አንቲኩን ወዳው ከሆነ የገዛችው ቁጥሩ ምን ያደርግላታል?

ጋሼ ሚዛን፦ ወዳውማ ትግዛ። በዋጋው ግን አትታለል ነው የምለው።

ጀማሪዋ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ለባለቀለሙ ካፕሱል የለኝም፤ ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ይሁን?

ጠርዙን ያዝ፦ ለስላሳና ሽታ ያለው ከሆነ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ እያደር አረንጓዴ ሙጫ ይተፋል። ያንን ሙጫ የሚያስለቅቀው አሴቶን ነው፣ እሱን ደግሞ ባለቀለሙ ላይ መጠቀም አትችይም። ዛሬውኑ አውጪው። በዲያሜትሩ ልክ ጠንካራ ካፕሱል ግዢ። እስኪመጣ ደረቅ የሚለው የማይላር (ፒቪሲ የሌለበት ግልጽ ፕላስቲክ) ኪስ ይበቃል። ስታዛውሪው ጠርዙን ብቻ ያዢ፣ ከስር ለስላሳ ፎጣ አንጥፊ፣ ሳንቲሙ ላይ ጎንበስ ብለሽ አታውሪ። የምራቅ ፍንጣቂ ፕሩፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ ብታዪ ትገረሚያለሽ።