የልጆችን ፊትና ታሪክ ለሚጠይቅ ለጋሽ ምን ዓይነት መልስ እንስጥ?

ለልጆችና ለታዳጊዎች የትምህርት ድጋፍ በሚሰጥ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የፕሮግራም አስተባባሪ ነኝ። ዋነኛው ለጋሻችን ድጋፉን ለማደስ የልጆቹን ስም፣ ፊታቸው በግልጽ የሚታይበትን ፎቶግራፍና የቤተሰባቸውን ችግር የሚተርክ ታሪክ በሪፖርታችን እንድናካትት ጠይቆናል፤ እኔ ግን ይህን ለማድረግ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 3 የልጁ ጥቅም በቅድሚያ እንዲታሰብ ያዛል፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ የግል ሕይወቱን ይጠብቃል። ወላጆች ፈርመው ቢፈቅዱ እንኳ፣ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥባቸው የሚሰጉ ሰዎች የሰጡት ፈቃድ በነፃነት የተሰጠ ነው ለማለት እቸገራለሁ። ባለፈው ካሜራው ሲወጣ አንዲት ታዳጊ ፊቷን በደብተሯ ሸፍና፣ ሌሎቹ ተነሥተው እስኪያበቁ ድረስ ቀና አላለችም።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ ቢቋረጥ የሚጎዱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የልጆቹን ማንነት ሳትገልጹ የሥራችሁን ውጤት ለለጋሽ ማሳየት የቻላችሁ፣ በተለይም የልጆች ጥበቃ ፖሊሲያችሁን በውሉ ውስጥ ያስገባችሁ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ የተከተላችሁትን አካሄድና የደብዳቤያችሁን አጻጻፍ ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መልሳችንን መላክ ያለብን በዚህ ወር መጨረሻ ነው።