በውጭ ጡረታ አዲስ አበባ መሃል መኖር፦ ወጪውን እንዴት ነው የምትችሉት?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ረጅም ዘመን ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለኝ። በወር 1,900 ዶላር ይገባልኛል። እዚያ ይህ ገንዘብ ከቤት ኪራይ ተርፎ የትም አያደርስም፣ እዚህ ግን ተንደላቀህ ትኖርበታለህ ሲሉኝ ነበር። ግን ብሩ በየት በኩል እንደሚያልቅ አይገባኝም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፈርኒሽድ አፓርታማ ይዣለሁ፤ ባለቤቱ ኪራዩን የሚያስበው በዶላር ነው። የራይዱ፣ የካፌው፣ የሱፐርማርኬቱ ሒሳብ አለ። ከዚያ ዘመድ አለ። ስልክ የማይደወልበት ሳምንት የለም፣ እኔም ወገኔን እምቢ ማለት አልፈልግም። ከመሃል ከተማ መራቅም አልፈልግም፣ ጓደኞቼም ሐኪሜም እዚሁ ናቸው። እናንተ በውጭ ገንዘብ እዚህ የምትኖሩ ሰዎች እንዴት ነው የምታብቃቁት? ዶላሩን እንደገባ ትመነዝሩታላችሁ ወይስ ታቆዩታላችሁ?

ሸገር ነኝ፦
ጋሼ፣ እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት። ከኪራዩ ይጀምሩ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ደመወዜ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ኪራይዎ በብር የተዋዋሉት ቢሆን ኖሮ ያ ልዩነት የእርስዎ ነበር። በዶላር እየታሰበ ግን ጥቅሙ በሙሉ ወደ አከራዩ ይሄዳል፣ እርስዎ አዲስ አበባ እየኖሩ የሚከፍሉት የሜሪላንድ ኪራይ ነው። ስለዚህ በብር ይዋዋሉ፣ ውሉንም ወረዳ ሄደው ያስመዝግቡ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም፣ ጭማሪም መንግሥት በሚያወጣው ልክ እንጂ አከራዩ እንዳሻው አይደለም። ይህን እያወቀ የስድስት ወር አምጣ የሚል ሞልቷል። ዝም ብለው አይስጡ።
ከመሃል አልወጣም ካሉ ልደታ ኮንዶሚኒየምን ይዩት። ባዶ ቤት ተከራይተው አልጋና ፍሪጅ ራስዎ ቢገዙ ለፈርኒሽድ በየወሩ ከሚከፍሉት ጭማሪ ይሻላል። ቤት ሲያዩ ቀለሙን ትተው ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠይቁ፣ ሮቶ መኖሩን ይዩ፣ ቆጣሪው የግል መሆኑን ያረጋግጡ። ደላላ ከያዙ ኮሚሽኑን ቤቱን ሳያዩ በፊት ይቁረጡ።

የባልትና ሴት፦
ወንድሜ፣ ሱፐርማርኬቱን ተወው። ከውጭ የመጣ ቺዝና ሲሪያል በጋሪ እየሞላህ ጡረታህ አይበቃህም። ጤፍ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ከገና ወዲህ ባለው ጊዜ፣ ከታመነ ወፍጮ ቤት በኩንታል ግዛ፤ ብቻህን ከሆንክ ከእህት ወይ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት። ማኛ ካልሆነ አልበላም አትበል፣ ሰርገኛውም ይጣፍጣል። እንጀራ የምትጋግርልህ ሴት ፈልግ፣ ዋጋዋን ሳትከራከር ክፈላት፣ እሷም የምትኖረው በዚሁ ኑሮ ውድነት ነው። ሽሮና በርበሬ አንድ ጊዜ አስፈጭ፣ ዓመቱን ሙሉ ይይዝሃል። አትክልቱን ከእሁድ ገበያ። ደግሞ የበዓል ዋዜማ ሽንኩርትና እንቁላል ለመግዛት አትውጣ፣ ቀደም ብለህ ግዛ።

ዕድርተኛው፦
ማንም ያልነካውን የዘመድ ነገር እኔ ላንሳ፣ እርስዎን እየጎዳ ያለው እሱ ይመስለኛል። እኔ ከስዊድን ነው የተመለስኩት። መስጠቱ መልካም ነው፣ ማንም እንዳይከለክልዎት። ግን ስልክ በተደወለ ቁጥር እየተሰጠ አይዘለቅም። እኔ ወሩ ሲጀምር ለዘመድ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ላይ ቋሚ የሆኑት አሉ፦ የአክስቴ መድኃኒት፣ የአንድ የወንድሜ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ። ክፍያውን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱና ለመድኃኒት ቤቱ በቴሌብር ነው የምልከው። የቀረው ድንገት ለሚመጣው ነው። ሲያልቅ፣ «ለዚህ ወር የያዝኩት አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር እንነጋገር» እላለሁ። መጀመሪያ የሚከፋው ነበር። ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብዬ የሚገባልኝን በግልጽ ነገርኳት፣ እሷ ለሌላው ነገረች፣ ስልኩም ቀነሰ። ሰው ዶላር ሲባል ማለቂያ የሌለው ነገር ስለሚመስለው ነው እንጂ ክፋት የለውም። ለንግድ መነሻ ተብሎ ትልቅ ገንዘብ ሲጠየቁ ግን ይጠንቀቁ፣ ብድር ከሆነ በወረቀትና በምስክር ይሁን፣ ስጦታ ከሆነ ስጦታ ነው ብለው ይስጡ፤ መሃል ላይ የሚቀረው ነው ቤተሰብ የሚያጣላው።
ዕድር ደግሞ ይግቡ። የሰፈሩ ዕድር ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው። በክፉ ቀን ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሰውም ይመጣል። የሚበልጠው ጥቅም ግን በየሳምንቱ ለቅሶ ሲደርሱ ሰፈርተኛ መሆንዎ ነው፣ ባለሱቁም ባለታክሲውም ዋጋ ሲነግርዎ እንደ እንግዳ አያይዎትም።

ሒሳብ አዋቂ፦
ስለ ዶላሩ። ሁሉንም አንዴ አይመንዝሩ። ብር እየወረደ፣ ዕቃ እየተወደደ ነው። የወር ወጪዎን ብቻ መንዝረው ቀሪው በዶላር ይቀመጥ። ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ አሁን አንድ አይነት ስላልሆነ ሦስት አራቱን አወዳድረው ይመንዝሩ። ጥቁር ገበያ አይሂዱ፣ ለጥቂት ብር ብለው ገንዘብዎን ሊነጠቁ ወይም ሊታሰሩ ይችላሉ። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆኑ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሒሳቦችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ግብርም እዚህ ስለመጡ አይቀርም።
ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሕክምናው ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ እዚህ አይሠራም። ቢታመሙ ከኪስዎ ነው፣ የግል ሆስፒታል ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሳያስይዙ አያስተኛም። ስለዚህ የሕክምና ገንዘብ ለብቻ ይኑርዎት፣ ከእሱ ላይ ለሰርግም ለክርስትናም አይነካ። የመመለሻ ትኬት ዋጋም ከዚያው ጋር።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የዘመዱን ነገር ያነሳው ወንድሜ የነገረኝን እህቴን ይዤ ቅዳሜ እጀምረዋለሁ። ቤት ልደታ ላይ ሁለት አግኝቻለሁ። ሸገር፣ ቆጣሪው የግል ነው ይሉኛል። በምን አውቃለሁ?

ሸገር ነኝ፦
ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ያለውን መብራት ሁሉ ያጥፉ፣ ፍሪጅም ካለ ይንቀሉ፣ ከዚያ ወጥተው ቆጣሪውን ይዩት። አሁንም የሚቆጥር ከሆነ ሌላ ሰው ተቀጥሎበታል ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ስለሆነ የሌላ ሰው ምጣድ እንዳይከፍሉ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ካርዱ በእጅዎ መግባቱን ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ።